ማህተም ያረፈባቸው ዶላሮች

ውድ ጭራዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ደህና ነን፣ አባዬም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ሳቂታዋ ጓደኛሽ ስትሰጥሽ «እትዬ ምን ነካት፣ ስልክ እያለ?» ማለትሽ አይቀርም። በስልክማ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ምላሴ የለመደውን ይናገራል፤ የለመደው ደግሞ ውሸት ነው። ስለዚህ ፀጉር ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ፣ ካስኩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ደንበኞች በር ሲደበድቡ እሰማለሁ፤ ይደብድቡ። አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አሠሪሽ የሰጠችሽን ወረቀት ሳትፈርሚ አንብቢው፤ ከሁሉ በፊት የምለምንሽ እሱን ነው።

ባለፈው ስትደውዪ ያልሽኝ ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብላኛለች። ዶላሩ ባንክ ካለ ወር ሳይሞላ መጥቼ ያቺን ለልብስ ስፌት ያሰብኳትን ክፍል እገዛለሁ። ከሌለ ግን ሁለት ዓመት እፈርማለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ?» አልሽ። ከዚያ ሳቅ ብለሽ «አለ አይደል፣ እትዬ?» አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አለ እንጂ! የት ይሄዳል?» አልኩሽ።

ባንክ የለም፣ ጭራዬ። አንድም ቀን ባንክ ገብቶ አያውቅም።

አይዞሽ፣ አትደንግጪ፤ አልበላሁትም። በእማዬ አጥንት እምልልሻለሁ፣ አንድ ዶላር አልነካሁም። የሆነው ግን ከመብላት ይሻል እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። ከሥሩ ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ሳቂታዋ ለእረፍት ስትመጣ ለአባዬ ሹራብ ላክሽ። «ትከሻው ላይ ያለውን ስፖንጅ ፍቺው» ብለሽ በስልክ ስታንሾካሹኪ እኔ ደግሞ «ምነው፣ ስፖንጁ አያምርም?» እልሻለሁ። ስፈታው ዶላር! አዲስ፣ ገና እጥፋት ያልነካው። ከጎኑ «ለአባዬ ብቻ» የሚል ታጥፎ የተሰፋ ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ እሱን ሳልከፍት ሰጠሁት። ወረቀቶችሽ አሠሪሽ እጅ ስለነበሩ በስምሽ መላክ አልቻልሽም። ደግሞም በባንክ ሲላክ እዚህ የሚሰጡት በአገር ገንዘብ ነው፣ እሱ ደግሞ እያደር ይቀላል፤ ዶላሩ ዶላር እንደሆነ ይቀመጥልኝ አልሽ። «በአባዬና በእኔ ስም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ክፈቺልኝ» ነበር ያልሽኝ። ምን የሚከብድ ነገር አለው?

በማግስቱ ለብሼ ተኩዬ ባንክ ሄድኩ። ወረፋው ሲደርሰኝ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ «ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት አለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከሹራብ ትከሻ ነው የወጣው ልበላት? ክው አልኩ። ከኋላዬ ዘበኛው ሲስል እኔን ሊይዝ የመጣ መስሎኝ ቦርሳዬን አቅፌ ውልቅ። የሰው የዘረፍኩ ይመስል እስከ ቤት ድረስ ዞሬ አላየሁም። ማታ ደወልሽ። «አስገባሽው?» ስትዪኝ ድምፅሽ እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ? ቀኑን ሙሉ የሰው ወለል ስታሺ ውለሽ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቂው። «አስገባሁ» አልኩሽ። ነገ ሌላ ባንክ እሞክራለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ? በሚቀጥለው «ደብተሩ ምን ይመስላል?» አልሽኝ፤ «ሰማያዊ» አልኩሽ። «ወለድ አለው?» ስትዪኝ «አለው እንጂ፣ ያለ ወለድማ ምን ያደርግልናል!» ብዬሽ አረፍኩ። ጭራሽ ለጓደኞችሽ ሁሉ «እህቴ ናት ያስገባችልኝ፣ እናንተም ቤተሰባችሁን አስገቡ በሉ» ማለትሽን ሳቂታዋ ስትነግረኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታዲያ ዶላሩን ምን አደረግሽው አትዪም? ለአባዬ ሰጠሁት። የማምነው ሌላ ማን አለኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ አንዲት ቅጠል ያልጠፋበት ሰው። ያቺን የቆርቆሮ ሳጥን አወጣ፣ ቁልፏን አንገቱ ላይ አሰረ። ከዚያ በኋላ ሹራብ በመጣ ቁጥር ስፖንጅ እፈታለሁ፣ ዶላሩንና ብጣሿን በፖስታ አድርጌ እሰጠዋለሁ። እሱም መነጽሩን አድርጎ «ደርሶኛል» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ዓይኔን አስገብቼ አላውቅም። ምን ልይ ብዬ? ከአባዬ እጅ ምን ይጠፋል?

ባለፈው ከደወልሽልኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ እድሌ ሆኖ አንዲት ደንበኛዬ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልዬላት ካስክ ሥር ተቀምጣ «አሁን እኮ ያለ ወረቀትም ይቀበላሉ፣ ደንቡ ላልቷል» ስትል ሰማሁ። አልኩ በቃ፣ ፈጣሪ ሊያስታርቀኝ ነው! ነገ ጠዋት አስገብቼ ውሸቴን እውነት አደርገዋለሁ፣ አንቺም ሳታውቂ ይቀራል። አባዬ ዶላሩን በካኪ ፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። «አንድ ቅጠል አልጎደለም» አለኝ እየኮራ። ቅጠል! ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ፖስታውን ቀድጄ አቀበልኳት። ልጅቷ አንዱን አነሳች። ገለበጠችው። ሌላውን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አየሁት። ጭራዬ፣ አየሁት። ዶላሩ ግንባር ላይ ድፍን ያለ ሐምራዊ ማህተም፦ ገቢ። ከሥሩ ቀን። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር። ሌላው ላይም ገቢ። ሌላውም ላይ ገቢ። አባታችን ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ነው የሠራው፤ ወደ ቤቱ የገባውን ወረቀት ሁሉ መዝግቦ ማህተም አድርጎበታል። ያ ማህተም ቢሮው ሲቀይረው ለመታሰቢያ የሰጡት ነው፤ «ገቢ» እና «ወጪ» የሚሉት ሁለቱ።

«የተጻፈበትና ማህተም ያረፈበት አንቀበልም፣ ይቅርታ» አለች ልጅቷ። ደግ ልጅ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ግን አንገቱን አስግጎ አይቶ «ኧረ ጉድ! ዶላሩም ደብዳቤ ሆኖ ተመዘገበ!» ሲል ወረፋው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ አታምኚኝም። ሳቅኩና በሩ ጋ ስደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ በቀጥታ ጨምሯል ጋ ሄድኩ። ታስታውሽዋለሽ፣ ያ ጥግ ላይ ቆሞ የሚመነዝረው፣ «ዛሬ ስንት ነው?» ሲሉት «ጨምሯል!» የሚለው። አንዱን ብርሃን ላይ ይዞ አየና «እህትዬ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል። ለአንቺ ስል በግማሽ እይዘዋለሁ» አለኝ። ዕድሜ ልኩን ጨምሯል ሲል የኖረ ሰውዬ ለእኔ ሲሆን ቀነሰ። የክፍሏን ዋጋ ስነግረው ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? «ታዲያ ትፈርማ! ሁለት ዓመት ምን አላት? ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ያልቃል።»

አሁን የምነግርሽን ስታነቢ ደብዳቤውን ወርውሪው፤ ግን ልንገርሽ። ያን ቀን «እሺ በቃ፣ ትፈርም» ብዬ አስቤ ነበር። ደብዳቤም ጀምሬ ነበር፤ «ክፍሏ ተሸጠች፣ ሌላ እስክንፈልግ ትንሽ ብትቆዪ» የሚል። ስለ ማህተሙ አንዲት ቃል የለበትም። ስትመጪ ዓይንሽን ከማየት ሁለት ዓመትሽን መስጠት ቀለለኝ። እንዲህ ያለች እህት ነው ያለችሽ።

ቤት ገብቼ ደግሞ አባዬ ላይ ጮኽኩበት። ጮኽኩ ስልሽ ጎረቤት እስኪሰማ ነው። «ዶላር ላይ ማህተም የሚያደርግ ሰው የት አለ? አብደሃል ወይ?» አልኩት። አባቴን! እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ወረቀት ቁጥር ካልተሰጠው ባለቤት የለውም» አለኝ። «መጀመሪያ በእርሳስ ነበር የምጽፈው። ኋላ እርሳስ ማንም ያጠፋዋል ብዬ ፈራሁ። የእሷ ለመሆኑ ማስረጃ ይሁናት ብዬ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባንክ አስገብተሽ ቢሆን ኖሮ እኔ ጋ ምን ያመጣው ነበር?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሱ ማህተም የመጣው ከእኔ ውሸት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከፀጉር ቤት የጥፍር ቀለም ማጥፊያዬ ጠፋ። ቤት ስመጣ አባዬ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ጥጥ በጣቱ ይዞ ማህተሙን እያሸ ነው። ማህተሙ ንቅንቅ ሳይል ዶላሩ ላይ ያለው ሰውዬ ፊት ለቀቀ። ሁለቱን እንዲህ አበላሻቸው። «ተው አባዬ፣ በሞቴ ተው» ብዬ ጠርሙሱን ስቀማው ጣቶቹ ተላልጠዋል። በእርሳስ የተጻፈባቸውን ግን አንድ በአንድ በላጲስ ጠርጎ ለብቻ አስቀምጧቸዋል።

በማግስቱ ኮቱን ለበሰ፣ ክራቫቱን አሰረ፣ እኔን ሳያማክር ባንክ ሄደ። ነፍሴ ሳትቀርልኝ ተከትዬው ሮጥኩ። ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ደብዳቤ ጽፎ ነበር የሄደው። «ጉዳዩ፦ በስህተት ያረፈ ማህተምን ይመለከታል» ይላል። ማህተሙን ያደረገው እሱ መሆኑን፣ ልጁ ምንም ጥፋት እንደሌለባት፣ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ እሱ እንደሚጠየቅ አትቶ፣ ከነአባሪው ፈርሞበታል። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው። እስከ መጨረሻው አነበበና ብድግ ብሎ «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በዚህ ቢሮ የለኝም» አለው። አባዬ የመጣንበትን መከራ ሁሉ ረስቶ በዚህ ደስ አለው መሰለኝ፣ ክራቫቱን አስተካከለ።

ከደግነቱ በላይ ማድረግ የቻለው ይህን ነው። በእርሳስ የነበሩትን ተቀበሉን። ማህተም ያረፈባቸውን በደረሰኝ ወስደው ለምርመራ እንልካለን አሉ፤ ወራት ይፈጃል፣ ይቀበሉታል ብለን ግን ቃል አንገባም አሉን። እንግዲህ ዛሬ በእጅሽ ያለው የላክሽው ሲሶ ነው። ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ክፍሏን አንገዛበትም፤ ባለቤቷ ሙሉውን ካልሆነ አልሸጥም ብሏል። የሂሳብ ደብተር ግን አለሽ፣ እውነተኛ ደብተር፣ በአባዬና በአንቺ ስም። ሰማያዊ አይደለም። አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ትናንት ከሰዓት ግን አባዬን ይቅርታ ልለምነው ገባሁ፤ ተኝቷል። የቆርቆሮ ሳጥኗ ክፍት ናት፣ ውስጧ ያለችው አንዲት መዝገብ ብቻ። አነሳኋት። በማስመሪያ የተሰመረች፣ እንደ ቢሮው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ የተሰጠ መልስ። «ከማን» ላይ ከላይ እስከ ታች «ከልጄ» ይላል። «ጉዳዩ» ላይ የዶላሩን መጠን የጻፈ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከብጣሾችሽ ያነበበውን ነው የጻፈው።

«ብርድ ገብቷታል፤ የምትተኛበት ክፍል መስኮት የለውም።» «በር ከውጭ ይቆለፍባታል። የራሴ ቁልፍ ናፈቀኝ ብላለች።» «የምታስታምማትን አሮጊት ስታነሳ ወገቧን ታመመች። ለእህቷ እንዳይነገር።» ከዚያ ከዓመት በኋላ «ወገቧ አልተሻላትም። እንዳይነገር።» የመጨረሻው ላይ «በግራ እግሯ ታነክሳለች። እንዳይነገር።»

አንቺ ልጅ! በስልክ «እኔማ ድንጋይ ነኝ» ስትዪኝ የነበረው ይሄ ነው? ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም ውሸታሟ። እኔ እዚህ ሰማያዊ ደብተር እየፈጠርኩ፣ አንቺ እዚያ ጤና እየፈጠርሽ፣ መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ የሁለታችንንም ምስጢር ቁጥር ሰጥቶ ቆልፎበት ኖሯል። ስድስት ዓመት ስትደውዪልኝ «ደረሰ» ከማለት ሌላ ምን ጠይቄሽ አውቃለሁ? እግርሽን ጠይቄሽ አውቃለሁ?

የመጨረሻዋ ዓምድ፣ «የተሰጠ መልስ» የምትለዋ፣ ባዶ ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር አንዲት ፊደል የለባትም።

አባዬን ቀሰቀስኩት። «ለምን አልመለስክላትም?» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ። «ነይ እንዳልላት፣ እኔን ልትጦር ነው የሄደችው፤ መጥታ ምን ትበላለች? ቆዪ እንዳልላት፣ ወገቧ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለካ ቆዪ ማለት ነው።» ከዚያ አለቀሰ፣ ጭራዬ። እማዬ ስትሞት እንኳ ከሰው ደብቆ ያለቀሰው አባዬ ፊቴ አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ስለዚህ ያቺን የጀመርኳትን ደብዳቤ ቀድጄ ይሄን ጻፍኩልሽ። አትፈርሚ። ስለ ክፍሏ አታስቢ። ፀጉር ቤቴን መሃሉን በኮምፔርሳቶ እከፍለዋለሁ፤ አናጢውን አናግሬዋለሁ፣ ሰኞ ይጀምራል። አንዱ ግማሽ የአንቺ ነው፤ የልብስ ስፌትም አድርጊው፣ ተኝተሽም ዋይበት። የራሱ በር ይኖረዋል። ቁልፉን አንቺው ነሽ የምትይዢው፣ ማንም ከውጭ አይቆልፍብሽም። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ፤ እንቢ ብትዪ በፀጉርሽ ጎትቼ። ልጅ እያለሽ ከኋላዬ አልጠፋ ብለሽ ነው ጭራ ያልኩሽ፤ ገበያ ስሄድ ጭራ፣ ወንዝ ስወርድ ጭራ። አንድ ቀን እንኳ «ነይ» ብዬሽ አላውቅም፣ ሳልጠራሽ ነበር የምትመጪው። አሁን እየጠራሁሽ ነው።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። መብትሽ ነው፣ በስድስት ዓመትሽ ነው የቀለድኩት። ግን መጥተሽ ተቆጪኝ። ከፈለግሽ ወረፋው ፊት፣ ደንበኞቼ ፊት ስደቢኝ፤ ካስኩን አጥፍቼ አዳምጥሻለሁ።

ይህችን የምጨምርልሽ ቤት ሆኜ ነው፤ ደብዳቤውን ለሳቂታዋ ልሰጥ ስነሳ አባዬ «ስጪኝ እስቲ» አለኝ። ሳያነበው ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው። ከዚያ መዝገቡን ከፈተና ባዶዋ ዓምድ ላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በእያንዳንዱ ትይዩ አንድ ቃል ጻፈ፦ ትምጣ። ትምጣ። ትምጣ። እስከ ታች ወረደ። ሲጨርስ ያችኛዋን ማህተም አወጣ፣ ስድስት ዓመት ቀለም ያልነካትን።

የዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ያለው ሐምራዊ ነገር እሱ ነው። ወጪ ይላል፣ ቁጥር አንድ።

የአንቺው እትዬ፣
ውሸቷን የጨረሰችው